ጣራ የሌለው ፊደል

በአራ ፍርድ ቤት ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ በታች፣
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፤ መኪናዬም እንደ እኔ ጥርሷ ረገፈ፣ አረጀች።
ሰው በቦጅፑሪ ያለቅሳል፣ እኔ በሂንዲ እጽፋለሁ፤
«ለክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ እንባውን በአንቀጽ አስተካክላለሁ።
የእናቴን ቋንቋማ እንደ ጫማ አውልቄ፣
ከበሩ ትቼው ነው የምገባው፣ ተጠንቅቄ።

ፑልዋንቲ መጣች በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ጠርዙን ምስጥ የበላው ወረቀት በስኳር ከረጢት አቅፋ።
«የመሬቴ ነው» አለች። «የባሌ ወንድም ልጆች
ባሌ ዓይኑን ሲከድን፣ ‹ባዕድ ነሽ፣ ውጪልን› ባዮች።
አንብብልኝ።»
        አየሁት።
                አላወቅሁትም።

ሂንዲ የምጽፍበት ፊደል ከአናቱ መስመር አለው፣
ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ሁሉም ተንጠልጥሎ ነው።
ይኼኛው ገመድ የለው፣ ጣራ የለው፤
እንደ ገበያ ተመላሽ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ተደግፎ የሚያዘግም ነው።
«ካይቲ ነው» አሉኝ ሽማግሌዎች፤ አያቶቻችን
ሠርጉን፣ ዕዳውን፣ የላሙን ዋጋ የጻፉበት።
እኔ የልጅ ልጃቸው፣ በፊደል የማድር ሰው፣
በአውራ ጣቱ እንደሚፈርም መሃይም ላቤ መጣ፣ አፈርኩበት።

በዚያው ሰሞን ሕዝብ ቆጣሪ መጣ፣ የመንደሩ መምህር፤
«አፍ መፍቻሽስ?» አላት እናቴን። «ይኸው፣ ይኼ የምናገር።»
«ስሙስ?» «ምን ስም አለው? ምላስ ስም ያወጣል?»
ሻይዋን ጠጣና፣ «ሂንዲ» ብሎ ጽፎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።
አፍ መፍቻ ይሉታል። የእሷን አፍ ግን ያን ቀን ዘጋው፤
ማታ፣ ላሟን በምትጠራበት ቃል ላሟን ስትጠራት ነው የከፈተችው።

ሂንዲን አልጠላም። ሚስቴን ያሸነፍኳት በሂንዲ ደብዳቤ ነው፤
የምንጣላበትን ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ጃናክዳሪ ላልን ዱምሪ መንደር አገኘነው፤ ዘጠና አልፎታል፣
ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል።
«መዳፌ ላይ ጻፍልኝ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።
የማላውቀውን በጣቴ ስስል፣ የማያየውን ሲያነብ፣ ከንፈሩ ተንቀጥቅጦ፣
በሁለት ዕውሮች መሃል ወረቀቱ አፉን ፈታ፦

«በምሥራቅ፣ የጉድጓዱ ድንጋይ።
በምዕራብ፣ የማሁዋው ዛፍ፤ ጥላው እስኪመሽ የሚደርስበት።
በሰሜን፣ ጋንጋ እናታችን፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ።
መሬቱ የዚህ ቤት ካኒያ ነው፤ ዛሬ ላለችውም፣ ገና ለምትመጣውም፣
የማንም ልጅ ትሁን፣ ዘሯን የሚቆጥርባት የለም።»

ካኒያ። ሙሽራ ማለት ነው።
እናቴ ሚስቴን እስከ ዛሬ የምትጠራበት፣ ሽበቷ ሳያግዳት።

ፑልዋንቲ ሳቀች። ደስታ መስሎኝ ነበር።
«ጋንጋ እኮ አሁን ግማሽ ቀን አትርቅም» አለች።
«አምና ክረምት ዛፉንም፣ ጉድጓዱንም፣ እርሻውንም ጠቅልላ ወሰደች።
የምንካሰሰው ስለ ውሃ ነው።»

ሽማግሌው መዳፉን አልጨበጠም፤ የቀረ ፊደል እንዳለ ሁሉ ጠበቀ።
«ወንዝ የወሰደውን አንድ ቀን ይመልሳል» አለ ቆይቶ፣
«ያኔ የምታሳየው ወረቀት ይኑራት።»

ማታ ማመልከቻውን መታሁት፣ በሂንዲ፣ በወጉ፤
«ካኒያ» ላይ ስደርስ ጣቶቼ ለመተርጎም ፈርተው አፈገፈጉ።
እንዳለ ተውኩት።
መኪናዬ ግን ከአናቱ መስመር ሳታሰምር አታልፍምና
ከሌሎቹ መሃል ሰቀለችው፤
ከወንዝ እንደወጣ ሳሪ፣ ገና እርጥቡን፣
ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል።